እንጨቷን ሳይነክሱ የፈረዱበት ቀን

በዚህ በረዶ መንገዱ ሳይበግራችሁ ወንድሜን ልትሸኙ የመጣችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ መኪናችሁን አስጠግናችሁ የሄዳችሁም ተሰድባችሁ የተባረራችሁም፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኔ ታናሽ እህታቸው ቪዶሳቫ ነኝ። ወንድሜ ከማረፋቸው በፊት አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምን ማስቀረት እንደማይገባኝ አዘውኛል፤ ቄሳችን ደግሞ ስለ ሟች ደግ ደጉን ብቻ ብናገር እንደሚሻል መክረውኛል፤ ልጃቸው ግቮዝደንም የጋራዡ ስም እንዳይጎድፍ ብሎ ለምኖኛል። የቄሱንም የልጁንም አልሰማሁም። ከዚህ ሳጥን አጠገብ በቆሙ በአንድ ሰው ስም ላይ ለዓመታት የተለጠፈ ነውር አለ፤ ዛሬ ካልተነሣ ከወንድሜ ጋር አብሮ ይቀበራልና፣ ብርዱን ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

ማይስቶር፣ ባለ እጁ መካኒክ፣ እያልን የምንጠራቸው ሚሎይኮ ትርናቫትስ ከአባታቸው ከአቶ ስሬታንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኔቬንካ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከርዛቭ ወንዝ በላይ በምትገኘው በብሬዞቫ ራቫን መንደር ተወለዱ። አባታችን የግንድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከጫካው እስከ መሰንጠቂያው ድረስ ገደሉን ተከትለው ሲወርዱ ሲወጡ ኖረዋል። ደግ አባት ነበሩ ብዬ ብዋሽ ከናንተ መካከል ጉንጫቸው የሚቃጠልባቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ እጃቸው ከአፋቸው ይቀድም ነበር፣ ሲመቱም ልጅና በቅሎ አይለዩም ነበር። ወንድሜም ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል የቆጠሩት ከቤት የተቀበሉትን ዱላ በየዕለቱ ለክፍል ጓደኞቻቸው እያካፈሉ ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞላቸው ዓመት በመኸሩ ማብቂያ፣ ከአባታችን ጎን ተቀምጠው ሲወርዱ ከመኪናው ወለል ሥር የሚመጣ ከባድ ምት ይሰሙ ነበር። ያን ምት ቀደም ብለውም ለቀናት ሰምተውት ኖሮ በዚያን ዕለት ደፍረው፣ «አባዬ፣ እታች የሚመታ ነገር አለ፤ እንቁም፤» አሉ። አባታችን በመዳፋቸው ጀርባ የወንድሜን አፍ መትተው ከንፈራቸውን ሰነጠቁና፣ ምቱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መዝፈን ጀመሩ። ከወፍጮው በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ፒስተኑን የሚገፋው ብረት፣ ቢዬላው፣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ቀዶ ወጣ፤ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ፣ ጎማው ተቆለፈ፣ ግንዱ ሰንሰለቱን በጥሶ ከኋላ ወደ ፊት መጥቶ የሾፌሩን ክፍል እንዳለ ጨፈለቀው። ወንድሜ በበሩ ተወርውረው ቁጥቋጦ ላይ ወደቁ። አባታችንን ከግንዱ ሥር ያወጧቸው በመጋዝ ነው። ወንድሜ ይህን በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ የነገሩኝ ሲሆን፣ በጆሯቸው የቀረው የመጨረሻ ነገር ምቱ ሳይሆን ዘፈኑ እንደነበር ያን ጊዜ ነግረውኛል።

ከዚያ በኋላ ከተማ ወርደው በሙያ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምረው በመንግሥት የአውቶቡስ ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጠሩ። ሁላችሁም የምታውቋትን እንጨት የጠረቡት በዚያ ነው። ክንድ የምታህል ጠንካራ የዱር እንጨት ነበረች፤ አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ሌላውን ጫፍ በሚሠራው ሞተር ላይ አሳርፈው፣ ሁለቱን ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆሙ ነበር። ድምፁ በጥርሳቸው ገብቶ ራስ ቅላቸው ውስጥ ይናገራል። ጥፍር ጠረጴዛ ሲመታ እንደሚሰማው ቀለል ብሎ የሚንኳኳው የቫልቭ ነው፤ ከታች የሚወግረው ግን ወይ ቢዬላው የተቀመጠበት ብሮንዚን ተበልቶ ነው፣ ወይ ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባዱ ጎማ፣ ቮላኖው፣ ብሎኑ ላልቶ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ሲሰሟቸው መንትያ ናቸው። ለመለየት የየካንዴላውን ሽቦ ተራ በተራ ይነቅላሉ፣ ፍሪሲዮን ያስረግጣሉ። ሽቦው ሲነቀል ምቱ ከለዘበ ብሮንዚኑ ነው፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ከተለወጠ ቮላኖው ነው። ይህን ሁሉ ሳይሞክርና እንጨቷን ሳይነክስ የፈረደ መካኒክ እጁ ይሰበር እያሉ አብረዋቸው የሚሠሩትን ሁሉ ይራገሙ ነበር።

በጋራዡ ብዙ አልቆዩም። የሚወግር ሞተር ያለው አውቶቡስ መንገደኛ ጭኖ እንዲወጣ ያዘዙትን የክፍል ኃላፊ በወለቀ ማርሚታ መትተው ሁለት የጎድን አጥንታቸውን ሰብረው ታሰሩ፤ በእስር ቤትም በምግብ ሰልፍ ላይ በተነሣ ድብድብ የቀኝ ጆሯቸውን ግማሽ በሰው ጥርስ ተነጠቁ። ሲወጡ ከቤታቸው ኋላ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በዚያ ጋራዥ የተደረገውን ሁሉ ብዘረዝር ይመሽብናል። ሞተሩ ሲያጓራ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ የመጣ ሰው ካለ ሰላም ሳይሉት ሬዲዮኑን ከነሽቦው ነቅለው ወንዝ ይወረውሩበት ነበር። የከብት ሐኪሙን መንጋጋ ያናጉት፣ ባሌን በተቃጠለ ዘይት ያጠመቁት ለዚሁ ነው። አንድ የከብት ነጋዴ ተደብድቦ ሄዶ ወንድሞቹን ይዞ ተመለሰና የወንድሜን የፊት ጥርስ በብረት አረገፉት፤ ወንድሜ ደማቸውን ተፍተው፣ የነጋዴውን መኪና በመንጋጋ ጥርሳቸው ነክሰው አዳምጠው፣ የውሃ ፓምፑ እንደሆነ ነግረው አባረሯቸው። እወዳቸው ነበር፤ እፈራቸውም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

ከወይዘሮ ሮሳንዳ ጋር ጋብቻቸውን ሲፈጽሙ ሚዜ የሆኗቸው የልጅነት ጓደኛቸው አቶ ኦብሬን ቴሺች ናቸው። በዚያ ሠርግ ላይ ከአኮርዲዮን ተጫዋቹ ጋር ተደባድበው ሙሽራው ራሳቸው በደም የተነከረ ሸሚዝ ለብሰው ሲቆሙ፣ የራሳቸውን አውልቀው ያለበሷቸውም አቶ ኦብሬን ነበሩ። ወንድሜ እጃቸውን በሚስታቸው ላይ ያነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወይዘሮ ሮሳንዳ የፈላ ሾርባ ከነድስቱ ደፍተውባቸው ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ሴት ልጃቸውን ያጎዳንና ወንዱን ግቮዝደንን ወለዱ፤ ያጎዳን ክርስትና ያነሡት አቶ ኦብሬን ስለሆኑ ሁለቱ ሰዎች አበልጅም ሆኑ፤ በኛ ዘንድ አበልጅ ላይ እጅ ማንሣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማናችሁም አልነግርም።

አቶ ኦብሬን ዝንብ የማይነኩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። መተዳደሪያቸው አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነበረች፤ የኪሎሜትር ቆጣሪዋ ዞሮ ዞሮ ከዜሮ የጀመረ፣ ሞተሯንም ወንድሜ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ፈተው የገጠሙላቸው። በዚያች ሚኒባስ የልብስ ስፌት ፋብሪካውን ሴቶች ጠዋት ያወርዳሉ፣ ማታ ያወጣሉ፤ ያጎዳም ለሥራ ስትደርስ ከነሱ አንዷ ሆነች።

ሰርቢያዊ ቤት ሁሉ የራሱ ቅዱስ እንዳለው የኛም ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። በዝክሩ ቀን ማንም አይጠራም፣ የመጣ ግን አይመለስም፤ ሻማው እስኪያልቅ ይበራል፣ ባለቤቱ ቆሞ ያስተናግዳል እንጂ አይቀመጥም፣ የሥራ ዕቃም አይነካም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የዝክር ቀን፣ የሩቆቹን እንግዶችና የማታ ተራ የነበረባቸውን ሴቶች ወደ ከተማ ሊያወርዱ አቶ ኦብሬን ወጥተው ሚኒባሷን አስነሡ። ወንድሜ ራኪያ የምንለውን አረቄ በጠርሙስ ይዘው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር። ከኮፈኑ ሥር የሚመጣውን ውግራት ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ እኔ ዓሣውን ይዤ ከወጥ ቤት ስወጣ አይቻቸዋለሁ። ሚኒባሷ በሰው ተሞልታ ነበር፤ ያጎዳም ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር።

ወጥተው እንዳይሄዱ ነገሯቸው። አቶ ኦብሬን በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ከመጸው ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚንኳኳው። ቫልቩ ነው። ዛሬ ዝክርህ ነው ሚሎይኮ፣ ግባና እንግዶችህን አስተናግድ፤» አሏቸው። ከዚያም ሴቶቹ እንዳይደናገጡ ብለው፣ በደግነት፣ እየሣቁ፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ወንድሜ ወደ ጋራዡ ገቡ። እንጨቷ በሩ ላይ በሚስማሯ ተሰቅላ ነበር። በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት አይተዋታል፤ ግን ሞተር ማዳመጥ ሥራ ነው፣ በዝክር ቀን ሥራ መሥራት ደግሞ ኃጢአት ነው ብለው እጃቸውን ከሷ መለሱ። መዶሻ አንሥቶ መስበር ግን ሥራ አይደለም። ይህን ፍርድ ከኛ ሰው በቀር ማን እንደሚፈርደው አላውቅም። ትልቁን መዶሻ ይዘው ወጡ፣ ኮፈኑን በጉልበት ገንጥለው ከፈቱና ይወግሩት ጀመር። ቱቦው ተፈናጠረ፣ የፈላ ውሃ ፊታቸውን አቃጠለው፣ አላቆሙም። ሴቶቹ እየጮኹ በመስኮት ወረዱ። አቶ ኦብሬን ሮጠው መጥተው እንጀራቸውን ለማዳን ቀኝ እጃቸውን በሞተሩ ላይ ዘረጉ። መዶሻው ወደ ላይ እንደተነሣ ነበር። ወንድሜ እጁን አይተውታል። አላየሁም ብለው በሕይወት ዘመናቸው አንድም ቀን አልዋሹም። አይተውት አወረዱት።

የአጥንቱን ድምፅ ሬዲዮው አልሸፈነውም። አቶ ኦብሬን በረዶው ላይ ሲወድቁ ወንድሜ ላያቸው ላይ ወጥተው ፊታቸውን በጡጫ ይመቱ ነበር፣ እየመቱም ያለቅሱ ነበር፤ ከላያቸው ያነሣናቸው ለብዙ ሆነን ነው፣ ያጎዳ የገዛ አባቷን ክንድ ነክሳ ነው ያስለቀቀቻቸው። ስንመለስ በሩ ተከፍቶ ቀርቶ የቅዱሱ ሻማ ጠፍቷል። ወይዘሮ ሮሳንዳ የዝክሩን ንፍሮ ለዶሮ ደፉትና ወደ እናታቸው ቤት ሄዱ።

መንደሩ ወንድሜን እንደ እብድ ውሻ ቆጠራቸው። ሳምንት ሳይሞላ ግን አቶ ኦብሬን እጃቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ወደ መሸታ ቤቱ መጥተው፣ ሞተሩን በሌላ መካኒክ አስከፍተው እንዳዩት፣ ብሮንዚኑ ቀልጦ ቢዬላው ሊበጠስ አንድ መታጠፊያ ብቻ ቀርቶት እንደነበር፣ ሚሎይኮ ያን ሁሉ ሰው ከገደል እንዳዳነ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። ወዲያው ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የሴቶቹ ባሎች በየተራ መጥተው ወንድሜን አቀፏቸው፤ ወይዘሮ ሮሳንዳ ተመለሱ፤ ከሦስት አውራጃ መኪና ይጎርፍ ጀመር። በአቶ ኦብሬን ላይ ደግሞ ሴቶቻችንን ሊፈጅ የነበረ ሾፌር የሚል ስም ወጣባቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አምኖ አልጫነባቸውም፤ ሚኒባሷን በጎተራ ቆልፈውባት የእንጨት መሰንጠቂያ ዘበኛ ሆኑ። ልጆች በመንገድ ሲያልፉ በአፋቸው ድው ድው እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ የማን ልጆች እንደነበሩ ወላጆቻቸው እዚህ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። እሳቸው ግን በየዓመቱ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን መጥተው በግራ እጃቸው ጽዋ አንሥተው ይመርቁ ነበር።

ወንድሜ ከጊዜ በኋላ የቀሩት ጥርሶቻቸው አለቁ፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ ድምፅ አያሳልፍም ብለው ጋራዡን ለግቮዝደን ለቀቁ። ሳንባቸው ታሞ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ቆይተው፣ መዳን እንደሌለ ሲነገራቸው ወደ ቤት መልሱኝ አሉ። በመጨረሻው ሳምንት አበልጃቸውን አስጠርተው ያንን የቀለጠውን ብሮንዚን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ደግ ነገር እሱ ነውና በሳጥኔ ውስጥ ይቀመጥልኝ አሉ።

አቶ ኦብሬን በማግስቱ በመሐረብ ጠቅልለው ግማሽ ክብ የሆነች፣ የተበላች ብረት አመጡ። ወንድሜ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በአውራ ጣታቸው ስፋቷን ለኩ፣ ጠርዟን ዳሰሱ። ያቺን ሞተር ሁለት ጊዜ የፈቱት እሳቸው ናቸው።

«ይሄ የትራክተር ነው፤» አሉ።

አቶ ኦብሬን ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ብረቷን ከመሰንጠቂያው ቁርጥራጭ ለቅመው እንዳመጧት እኔ ከፊታቸው አነበብሁ።

«ታዲያ የሚኒባሷ የት አለ?»

«ውስጧ ነው ያለው። ምንም አልሆነም ሚሎይኮ። ያው አንተ እንደገጠምከው ነው። ቮላኖው ነበር፣ ብሎኑ ላልቶ። ባጠብቀው ያልቅ ነበር።»

ያ ሞተር ማንንም ሊገድል አልነበረም። ያጎዳ ያን ቀን በሰላም ከተማ ትደርስ ነበር። ፍሪሲዮኑን አንድ ጊዜ ቢያስረግጡ፣ እንጨቷን አንድ ጊዜ ቢነክሱ ይበቃ ነበር። ወንድሜ የመድኃኒቱን ብርጭቆ አንሥተው ወረወሩባቸው፤ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ሊመቷቸው ከአልጋ ለመነሣት ሞክረው በግንባራቸው ወለሉ ላይ ወደቁ፤ አንሥተን መልሰን ስናስተኛቸው ከቅንድባቸው ደም እየወረደ፣ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ፣ ለምን እንዳልነገሯቸው ይጠይቁ ነበር። ገዳይ የሚባለውን ሁሉ ለምን ተሸክመህ ኖርህ ነው የሚሏቸው።

አቶ ኦብሬን ደሙን በዚያው መሐረብ እየጠረጉላቸው፣ «አበልጄ ነሃ። ብናገር ከዚያ በኋላ ማን መኪናውን ያመጣልህ ነበር? ምን ላድርግህ?» አሏቸው።

ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልቀመሱም። እኔን አስጠርተው፣ በሞቱ ጊዜ ይህ ሁሉ ሳይሸፋፈን በሕዝብ ፊት እንዲነበብ፣ ኦብሬን ቴሺች በዕድሜው ማንንም ለአደጋ እንዳላጋለጠ፣ የሴቶቹን ነፍስም ማንም እንዳላዳነ ሁሉም እንዲያውቅ አዘዙኝ። ከዚያም ያሉኝን ቃል በቃል ላንብብላችሁ፦ «ሳጥኔ ከመቸንከሩ በፊት ኦብሬን በጥፊ ይምታኝ። ሰው ሁሉ እያየ። እምቢ ካለ ሳልቀበር ልቆይ።»

ትናንት ወደ አቶ ኦብሬን ቤት ሄጄ ይህን ነገርኋቸው። ያቺን የጠመመች ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አውጥተው ገልበጥበጥ አድርገው አዩዋት። «በየቷ እጄ ልምታው? እሱ እኮ ብልጥ ነው፣ የምመታበትን ቀድሞ ሰብሮታል፤» አሉኝ። ሁለታችንም ሣቅን፤ ከዚያ እሳቸው ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስሁ። ይምጡ አይምጡ ሳላውቅ ወጣሁ። መጥተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ማይስቶር ሚሎይኮ ትርናቫትስ ከትናንት በስቲያ ጎህ ሲቀድ፣ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮሳንዳን፣ ልጆቻቸውን ያጎዳንና ግቮዝደንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውን፣ ከሁላችንም በፊት ሊጠሩ የሚገባቸውን አበልጃቸውን አቶ ኦብሬን ቴሺችን ትተው ሄደዋል። በእጃቸው የተመታችሁ፣ በአፋቸው የተሰደባችሁ ሁሉ እዚህ ቆማችሁ ይቅር በሏቸው፤ ይቅር ማለት ያቃተው ከንፍሮው ሳይቀምስ ይሂድ፣ አልቀየመውም። የልጁን ከንፈር ከመሰንጠቅ በፊት መስማት ያልቻሉትን አባታችንንም ጨምሮ፣ እግዚአብሔር የሁለቱንም ነፍስ ምንም ነገር በማይንኳኳበት ቦታ ያሳርፍልን። ቅዱስ ኒቆላዎስ በዚያን ቀን የጠፋውን ሻማ ለወንድሜ መልሶ ያብራላቸው። አሜን።

ክዳኑ አልተቸነከረም። አቶ ኦብሬን፣ ይቅረቡ። ግራ እጅም እጅ ነው።